ድምፅ ሳታሰማ የወለደችው ሴት

በሰፈራችን የምታወቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ወጤ የሚደነቅ አይደለም፤ በእድር ስብሰባ ተነሥቼ ተናግሬ አላውቅም፤ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ዘንድም ሁለት ሳምንት ቆይቼ ማንም ሳያስወጣኝ ራሴ ወጥቻለሁ። የምታወቀው ድምፅ ሳላሰማ በመውለዴ ነው። እኛ መንደር አንዲት እርጉዝ ወሯ ሲገባ ጎረቤት ወደ እኔ ቤት ይጠቁማታል። «እሳቸው ጋ ሂጂ፤ ትንፍሽ ሳይሉ ነው የወለዱት» ይሏታል። ልጅቷ ትመጣለች፤ እኔም እመክራለሁ።

ነገሩ ውሸት ነው። ጮኼያለሁ።

ልጄን የወለድኩት ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚሁ አዳማ ነው። ያኔ ሰዉ ሁሉ ናዝሬት ይላት ነበር። ቤታችን ከወፍጮ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ ነበር። ወፍጮው በገበያ ዋዜማ ከጠዋት ጀምሮ አያርፍም። ሲነሣ መደርደሪያችን ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ፤ እኔና ባለቤቴ የምንነጋገረው በምልክት ነበር። ትዳራችን ሰላም የነበረውም ለዚያ ይመስለኛል።

ምጤ የመጣው በእንዲህ ያለ ዋዜማ ነው። ባለቤቴ ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰኝ ጋሪ ፍለጋ ወጣ። ከእኔ ጋር የቀሩት አማቴ ናቸው። አማቴ በአገራቸው ብዙ ሴት ያዋለዱ፣ እጃቸው የተመሰገነ ሴት ነበሩ፤ ጆሯቸው ግን ከደከመ ቆይቷል። የምጥ ወሬ ሰው ጆሮ ከገባ ምጡ ይረዝማል ብለው ስለሚያምኑ ለአንድም ጎረቤት አልተናገሩም፤ በሩንም ከውስጥ ዘጉት። እንግዲህ በአንድ በኩል ወፍጮ፣ በሌላ በኩል የማይሰማ ጆሮ፣ መሃል ላይ እኔ።

ጮኽኩ። እናቴን ጠራሁ። ባለቤቴን ረገምኩ፤ ጋሪውንም፣ ፈረሱንም ጨመርኩ። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ አማቴ ኦርቶዶክስ ነበሩ። እሳቸው «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ እኔ ከእሳቸው በላይ «ማርያም፣ ማርያም» አልኩ። አንድ ጊዜም ክንዳቸውን ነከስኩ። እሳቸው «ግፊ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እኔ «አልችልም!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ አንዳችን የሌላችንን አልሰማንም።

እኩለ ቀን ላይ ባለወፍጮው ለምሳ ሞተሩን አጠፋ። በዚያችው ቅጽበት ልጄ ወጥታ አለቀሰች። ጎረቤቶች መጀመሪያ የሰሙት የሕፃን ለቅሶ፣ ቀጥሎም የአማቴን ሦስት እልልታ ነው። አማቴ በሩን ሲከፍቱላቸው ተንጋግተው ገቡ።

«የእናትየዋ ሳይሰማ የልጅቷ ተሰማ!» አለች አንዷ።

ሌላዋ ወደ አማቴ ጆሮ ተጠግታ «አልጮኸችም እንዴ?» አለቻቸው።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ አማቴ። እውነታቸውን ነው። የተነከሰውን ክንዳቸውን ግን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉት። ለምን እንደሸፈኑት አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ሳይነግሩኝ ሞቱ።

እኔ ዝም አልኩ። በመጀመሪያው ቀን ዝም ያልኩት ደክሞኝ ነው። በማግስቱ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ከሳምንት በኋላ ግን ደስ እያለኝ ነበር። በዚያ ላይ ጮኼያለሁ ካልኩ ማንን እየጠራሁ እንደጮኽኩ ሊጠየቅ ነው፤ ይህን ለቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ማስረዳት ከምጡ የማይተናነስ መስሎ ታየኝ።

ውሸት ችግሩ ጥያቄ ማስከተሉ ነው። «እንዲህ ከቀለለሽ ምነው አትደግሚም?» ይሉኛል። ያልደገምኩት የመጀመሪያውን ስላልረሳሁት ነው። ለሰው ግን «ጌታ በፈቀደ ጊዜ» እያልኩ በጌታ አሳበብኩ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የጌታን ስም አጠፋሁ።

ዓመታት ሲሄዱ ወሬው ወደ ትምህርት ተለወጠ። «ጩኸት ጉልበት ይጨርሳል፤ በአፍንጫ እየተነፈስሽ በልብሽ ጸልዪ» የምትል ምክር አወጣሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ነኝና ምክሬ ባዶዋን እንዳትቀር «ኦክስጅን» የምትል ቃል ጣል አደርግባታለሁ። እርጉዞቹ በዚህች ቃል ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ልጄ ያደገችው በዚህ ወሬ ነው። ጉልበቷ ተልጦ ስታለቅስ «እናትሽ አንቺን ስትወልድ እንኳ አልጮኸችም» እየተባለች። ጥርሷ ሲነቀል፣ ወባ ሲይዛት፣ ክንዷ ሲሰበር ያው ነበር። ቀስ በቀስ ማልቀሷን ተወች። እኔ ይህን እንደ ጥሩ አስተዳደግ ቆጠርኩት። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ ልብስ ፋብሪካ ቢሮ ትሠራለች፤ አግብታለች፤ ባለፈው ዓመትም አረገዘች። እኔን ምክር አልጠየቀችኝም። ምክሩን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው የኖረች ናት።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቦርሳዋን ይዛ ከክፍሏ ወጣችና «እማዬ፣ ባጃጅ ጥሪ» አለችኝ። ቆማ ነው ያለችኝ፤ ፀጉሯንም አበጥራለች። ምጡ ከጎህ ጀምሮ እንደነበረ የነገረችኝ በኋላ ነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ በዕለቱ የነበረችው አዋላጅ ነርስ አንዲት ብቻ ናት። ባልደረባዋ ሌላ ወላድ ይዛ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሄዳለች። ልጄን መርምራ «የተከፈተው አራት ሳንቲ ሜትር ነው፤ ገና ነሽ። ወዲያ ወዲህ በዪ። ሲጠናብሽ ጥሪኝ» አለቻት። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀመጥን።

አጠገባችን ከመልካሳ አካባቢ የመጣች ወጣት ከእናቷ ጋር ነበረች። ወጣቷ ምጡ በመጣ ቁጥር «አዮ! አዮ ኮ!» እያለች በኦሮምኛ እናቷን ትጠራለች፤ እናቷ ደግሞ አጠገቧ ናት። ኮሪደሩን ሁሉ ታናውጠዋለች። እኔ በልቤ አዘንኩላት። የሚመክራት አላገኘችም ብዬ ነው።

እናትየዋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ፊቷ የተፈታ ሴት ናት። ልጄን ትኩር ብላ ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«አዴ፣ ልጅሽ ምን ሆና ነው? ለክትባት ነው?» አለችኝ፤ አዴ በኦሮምኛ ለሴት የክብር መጠሪያ ነው።

«ምጥ ላይ ናት።»

«ይቺ? ይቺ እኮ ባንክ ቤት ወረፋ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው!»

«በእኛ ቤት ሴት አይጮኽም» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሴትየዋ ትንሽ አሰበችበት። «ታዲያ ሰው በምን ያውቅላችኋል?» አለች።

ቦርሳ ውስጥ የሆነ ነገር እንደምፈልግ ሆንኩ። አዋላጇ በሩን ከፍታ ወጣች። የምትጮኸውን ይዛ ገባች፤ ተገቢም ነበር። እናትየዋ ከበሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

በዚህ መሃል አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ደወለ። ለሥራ ቡልቡላ ሄዶ ነበር።

«እማማ፣ እንዴት ናት? ጮኸች?»

«አልጮኸችም።»

«እሺ፣ እንግዲያው ገና ነው። የያዝኩትን ጨርሼ ስመለስ እደርሳለሁ።»

እሱንም ያስተማርኩት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከነኦክስጅኑ አስረድቼዋለሁ።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ሙቀቱ በረታ፤ ነፋሱ አቧራውን በመስኮት ያስገባል። ልጄ ጫማዋን አውልቃለች። የእግሯ ጣቶች ሲሚንቶው ላይ ተቆልምመው አየሁ፤ ይለቀቃሉ፤ እንደገና ይቆለመማሉ። መልቀቂያው እያጠረ ነበር። የታችኛው ከንፈሯ ላይ ደም አለ። ፊቷ ግን ያው ነው፤ እኔው ያሳደግኩት ፊት።

«እማዬ» አለችኝ በጣም ዝግ ብላ። «አንቺ እዚህ ጋ ስትደርሺ ምን ታስቢ ነበር?»

እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ቢኖር ይህ ነበር። እኔ ግን «እጸልይ ነበር» አልኳት።

«ምን ብለሽ?»

«መዝሙር ሃያ ሦስትን።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ሳይደርስ አይቀርም፤ ቆመ። 

«እኔ እንዳንቺ አይደለሁም መሰለኝ» አለች። «አልቻልኩም። የምሞት ይመስለኛል። ለነርሷ ግን እንዳትነግሪብኝ።»

እንዳትነግሪብኝ ነው ያለችው። ትንሽ ልጅ ሆና ብርጭቆ ስትሰብር እንደዚህ ነበር የምትለው።

አዋላጇ አንገቷን በበሩ አውጥታ «እናንተስ? ደህና ናችሁ?» አለች።

ልጄ ፈገግ አለች። በዚያ ከንፈር ፈገግ አለች። «ደህና ነኝ፣ ሲስተር» አለቻት። በሩ ተዘጋ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ገጠምኩት።

ከዚያ በኋላ ከአግዳሚው ሥር ውሃ አየሁ። የሽርት ውሃዋ ፈሷል። ንጹሕ አልነበረም፤ አረንጓዴ ነገር ተቀላቅሎበታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ሥነ ሕይወት ስለዚህ የነገረኝ ነገር የለም፤ ደህና አለመሆኑን ግን ለማወቅ ትምህርት አላስፈለገኝም። ልጄ አላየችውም። ጉልበቷን ይዛ አጎንብሳለች፤ አሁንም ዝም ብላለች።

«ስሚኝ» አልኳት። «አንቺን ስወልድ ጮኼያለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን?»

«ጮኼያለሁ። ወፍጮው ስለነበረ ነው ያልተሰማሁት። አያትሽም ጆሯቸው አይሰማም ነበር።»

«አንድ ጊዜ?»

«ከጠዋት እስከ ቀን።»

አፍ አፌን ታየኛለች። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ቀጠልኩ።

«አያትሽን ነክሻቸዋለሁ።»

«አያቴን? የት?»

«ክንዳቸውን። ማርያምንም ጠርቻለሁ።»

«አንቺ?!»

ልትስቅ ይሁን ልትሰድበኝ ሳላውቅ ሌላው ምጥ መጣባት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ —» ብላ ጀመረች፤ የቀረውን ጩኸቱ ዋጠው። ያ ጩኸት ለምጡ ይሁን ለእኔ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የክትባት ወረቀት የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ቡጢዋን ጨብጣ ታፋዬን መታችኝ፤ ጥሩ አድርጋ።

እኔ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። «ሲስተር» አልኩ። የወጣው ድምፅ ስብሰባ መሃል ለመውጣት ፈቃድ የምትጠይቅ ሴት ድምፅ ነው። በሩ አልተከፈተም፤ ከውስጥ የመልካሳዋ ወጣት እየጮኸች ነበር። ደግሜ «ሲስተር፣ ይቅርታ» አልኩ።

የወጣቷ እናት ከበሩ አጠገብ ሆና በመገረም አየችኝ።

«ምን ሆንሽ አዴ? ሻይ እያዘዝሽ ነው እንዴ? ኡኡ በዪ እንጂ!»

«እንዴት?»

«እንዴት ትላለች! እንዲህ!» አለችና እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ኡኡታዋን ለቀቀችው። እኔም ከእሷ ኋላ እንደ ተማሪ ተከተልኩ። የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ወጣ። ሦስተኛው ራሴንም አስደነገጠኝ፤ ከዚያን የገበያ ዋዜማ ወዲህ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም። ሁለት አሮጊቶች በር ላይ ቆመን ኡኡ ስንል የግቢው ዘበኛ ሌባ የገባ መስሎት ዱላውን ይዞ ሮጦ መጣ።

አዋላጇ ጓንቷን ሳታወልቅ ብቅ አለች። ልትቆጣን ነበር። ከአግዳሚው ሥር ያለውን ውሃ ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። ልጄን ደግፋ አስገባቻትና በሩ ሳይዘጋ ወዲያው መረመረቻት።

«ሙሉ ሆናለች እኮ! ልጁ እየመጣ ነው! ማን ነው ዝም በዪ ያላት?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እማማ፣ እዚያ ይቁሙ» አለችኝና በሩን ዘጋችው።

ቆምኩ። ልጄ ስትጮኽ ይሰማኛል፤ አዋላጇ «ግፊ! ጀባዹ!» ትላታለች፤ በርቺ ማለቷ ነው። የመልካሳዋም በሌላው አልጋ ላይ ሆና ትጮኻለች፤ አንዳንዴ እየተቀባበሉ፣ አንዳንዴም አንድ ላይ። እናትየዋና እኔ ትከሻ ለትከሻ ቆመናል። «የትኛዋ ናት የእኔ?» ብዬ ጠየቅኳት፤ የልጄን ጩኸት ሰምቼ ስለማላውቅ መለየት አቅቶኝ ነው። «ቀጭኗ ያንቺ ናት» አለችኝ።

ከዚያ ቀጭኗ ቆመች። የሕፃን ድምፅ ግን አልመጣም።

ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ። ጫማ ወዲያ ወዲህ ይላል። አንድ ነገር የሚመጥ መሣሪያ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ለስለስ ያለ ምት። «አልቅስ፤ አልቅስ እንጂ» ትላለች አዋላጇ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምትለው፤ ያ ነው ያስፈራኝ። «ምን ሆነ? ለምን አያለቅስም?» ትላለች ልጄ። እኔም በሩን «አልቅስ» አልኩት። ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ሴትየዋ እጄን ይዛ ነበር፤ መቼ እንደያዘችኝም አላውቅም።

አለቀሰ። የተቆራረጠ፣ ሳል የበዛበት፣ ለጆሮ የማይመች ለቅሶ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጫማዬ ውሃው ውስጥ እንደገባ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

በኋላ አዋላጇ ወጥታ ሁለቱም ደህና እንደሆኑ ነገረችኝ። «ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን…» ብላ ጀመረችና ፊቴን ስታይ ተወችው። ስለተወችው እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ስገባ ልጄ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ተኝታለች። ከንፈሯ አብጧል። ግንባሯን ልስማት ጎንበስ አልኩ።

«ሊጠይቁን ለሚመጡት ሁሉ የምትነግሪው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «እኔ አይደለሁም። አንቺ።»

«እሺ» አልኳት።

ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቶች ገንፎና የሕፃን ልብስ ይዘው መጡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» የሚሉም፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» የሚሉም ነበሩ። ገንፎው ቀርቦ ገና ሳይነካ አንዷ «እንደ እናቷ ዝም ብላ ነው አይደል የወለደችው?» አለች። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔን ብቻ አየችኝ። አማቼም ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ያየኛል፤ እሱ ቀድሞ ሰምቷል።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ተነሣሁ። በሕይወቴ ሰው ፊት ቆሜ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነው። «እሷ ጮኻለች። እኔም ስወልድ ጮኼያለሁ። ወፍጮው ስለነበረ ነው ያልተሰማሁት። አማቴንም ነክሻለሁ» አልኩ። ማርያምን ትቼ ነበር፤ ልጄ ጉሮሮዋን ስትጠርግ እሷንም ጨመርኩ።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ።

«አይ እሳቸው!» አለች ጠያቂዋ ዓይኗን እየጠረገች። «ልጃቸው በመጮኋ እንዳታፍር ብለው እኮ ነው!»

«በራሳቸው ላይ ወሰዱት እኮ! እናት ማለት እንዲህ ናት!»

«እውነቴን ነው» አልኩ።

«ይተዉ እባክዎ፣ እናውቅዎታለን!» አሉኝ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሴት ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ ለልጄ ብዬ ማርያምን እስከ መጥራት የደረስኩበት ትሕትና እንዳስለቀሳት ነገረችኝ። ልጄ ትራሱ ውስጥ ገብታ ትስቃለች፤ ስፌቷን እያመማት፣ «ኧረ በጌታ አታስቁኝ!» እያለች። ሞከርኩ፤ መሐላ ሁሉ ልጨምር ነበር። በጨመርኩ ቁጥር ትሕትናዬ እየገነነ ሄደ። እነሱ ሲወጡ ዝናዬ ከመምጣታቸው በፊት ከነበረው በልጦ ነበር።

ስለዚህ በጅምላ ማስተባበሉን ትቼ በነፍስ ወከፍ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ከጀርባችን ያለውን ቤት የተከራየች ወጣት ሚስት ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ስምንተኛ ወሯ ነው። ቁጭ ብላ ገጹን ገለጠች።

«ንገሩኝ እማማ፤ ልጻፍ።»

«ያማል» አልኳት።

ጻፈች።

«ሲያምሽ ጩኺ። ካልመጡ እንደገና ጩኺ። ደህና ነሽ ወይ ሲሉሽ ደህና ካልሆንሽ ደህና አይደለሁም በዪ።»

ይህንንም ጻፈችና ጠበቀች። «ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«የትንፋሹስ? ኦክስጅን አለው ብለውኝ ነበር።»

«እሱን ተይው።»

ቅር አላት። ደብተሯን ከደነችና ወደታች ባለው መንገድ ተልባ እያጠጣች ምጥ ታቀላለች የምትባል ሴት እንዳለች፣ እሷንም ሄዳ እንደምትጠይቅ በትሕትና ነገረችኝ። ጠይቂ አልኳት። በር ድረስ ሸኘኋት። እዚያ ስትደርስ ድንገት ቆመች፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

«እውነት በጣም ያማል?» አለችኝ።

«በጣም ያማል። እናትሽ እዚህ አሉ?»

«ዝዋይ ናቸው። ባሌም ፈረቃ ላይ ነው የሚውለው።»

«እንግዲያው ያን ቀን እኔን ጥሪኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ልትመክሩኝ?»

«ልጮኽልሽ» አልኳት።

ሳቀች፤ እንደ ሌሎቹ እየቀለድኩ መስሏት። አልቀለድኩም።